በሐምሌ የሸተተኝ የኅዳር ጭስ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። ሥራዬ ዲሽ መትከልና ቴሌቪዥን መጠገን ነው፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ካለው ጣሪያ ግማሹ የእኔን እግር ያውቀዋል፣ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ደግሞ ስንት ሰው «ቤቴ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ» ብሎ ጠርቶኛል መሰላችሁ። አንዷ ቴሌቪዥኔ በራሱ ይበራል ብላ ጠበል ረጭታበት ነበር፣ ሄጄ ሳየው የሚያበራው የጎረቤቷ ሪሞት ነው፣ ጠበሉ ግን ቦርዱን አቃጥሎት ጠበቀኝ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ግድግዳው ያቃስታል አለኝ፣ የላላ ሽቦ ነበር። ሰው ጋኔን ያለውን ሁሉ እኔ ሽቦ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ በየሰው ቤት ስስቅ ኖሬአለሁ፣ ይኸው ተራው ለእኔ ደርሶ እንዳትስቁብኝ እየለመንኩ ልነግራችሁ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

እኔና እናቴ የምንኖረው ከማዞሪያው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ድሮ ሦስት ነበርን፣ ሦስተኛዋ ታላቅ እህቴ ወይንሸት ናት። ወይኒን ብታውቋት ትወዷት ነበር፣ ማዞሪያው ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራት፣ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ውላ ቤት ስትገባ ጫማዋን ወዲያ ጥላ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፉ ላይ ዘጭ ትልና ጌም ትጫወታለች፣ ሠላሳ ዓመት አልፏት ማለቴ ነው። ጌም ስላችሁ አሁን ልጆች በኢንተርኔት የሚታኮሱበትን አይደለም፣ ሕፃናት ሳለን አባታችን ከመርካቶ የገዛልንን፣ ቢጫ ካሴት ከላይ የሚሰካበትን ግራጫ ዕቃ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምታገቢው?» ስትላት «ይሄን ገደል ልሻገርና» ትላታለች፣ እናቴም ስቃ ትተዋታለች።

ጨዋታው ቀላል ነው። ባርኔጣ ያደረገ ትንሽዬ ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ጡብ ላይ ይዘላል፣ ገደል ይሻገራል፣ መጨረሻ ላይ አንድ የብረት በር አለ፣ እዚያ ከገባ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስሙን አናውቀውም፣ ካሴቱ ላይ የተጻፈው በቻይንኛ ነበር፣ እኛ «ገደሉ» እያልን ነው የምንጠራው። ሁለት ሰው ሲጫወት ተራ በተራ ነው፣ አንዱ ቢጫ ለባሽ ሌላው ሰማያዊ፣ ቢጫው ሲሞት ሰማያዊው ይቀጥላል፣ ሰማያዊው ሲሞት ቢጫው፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ነፍስ ይሰጣቸዋል። እኔ ቢጫ ነኝ፣ ወይኒ ሰማያዊ። አንድ የራሷ የሆነ ነገር ነበራት፣ ሰፊ ገደል ጋ ስትደርስ ከመዝለሏ በፊት ሰውዬውን ሁለቴ ቁጢጥ ብድግ ታደርገዋለች፣ «ሳይሰግድ የዘለለ አይሻገርም» ትላለች፣ እኔ ሳልሰግድ ዘልዬ ስወድቅ ደግሞ በሳቅ ትሞታለች። ሕግም ነበራት። ነፍሱ ሳያልቅ ከምንጣፉ የሚነሳ የለም፣ ምሳ ቢቀርብም፣ እንግዳ ቢመጣም፣ ቤቱ ቢቃጠልም አይነሳም።

ወይኒ ከሞተች ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፣ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ኅዳር ሲታጠን። መቼም ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሻሻውን ቆልሎ ያቃጥላል፣ በሽታ ያባርራል ተብሎ፣ ከተማው በጭስ ይታፈናል። በሚካኤል ሱቋን ስለማትከፍት ቤት ነበረች፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ድንገት ተነስታ ወጣች፣ ማዞሪያው ጋ በዚያ ጭስ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሄድ ሚኒባስ አላያትም። እናቴ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ «ጫማዋን አውልቃ የተቀመጠች ልጅ ምን አስነሳት?» እያለች። ጌሙን ከአርባዋ በኋላ ለቆራሌው ሰጠችው፣ ማየት አልቻለችም።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ባለፈው ሐምሌ ነው። በሐምሌ ዝናብ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የለም፣ ለእኛ ሥራ ክረምት የጾም ወር ማለት ነው፣ እና አንድ ሰኞ ጠዋት ገመድ ልገዛ አየር ጤና ሄጄ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ትንሽዬ ጥቁር ቦክስ አየሁ። የድሮ ጌሞች በሙሉ ተጭነውባታል፣ ከዘመናዊ ቴሌቪዥን ጀርባ ትሰካለች፣ የራሷ ሪሞትና ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ አላት። ባለሱቁ ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያወርድልኝ ባርኔጣ ያደረገውን ሰውዬ አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ የሞተ ዘመድ መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ነው ልቤ የዘለለው። ገመዱን ረስቼ ቦክሷን ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እናቴ ጓዳ አጠገብ ባለው ክፍሏ ጋደም ብላለች። ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ሲቀረው ቦክሷን ሰካሁና አበራሁ፣ ኢንተርኔት ስለሌላት ቀን ሙላ አለችኝ። አሁን ይቺን ስሕተቴን ልብ በሉልኝ። እኔ ለደንበኛ የዋስትና ወረቀት ላይ ቀን ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፣ እጄ በራሱ ለቀኑ ሃያ አንድ፣ ለወሩ አሥራ አንድ ብሎ ሞላው፣ ሐምሌ በእኛ አሥራ አንደኛው ወር አይደል፣ ዓመቱንም በእኛው አቆጣጠር። የውጭ ዕቃ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚሄድ ትዝ አላለኝም። ሰዓቱን ብቻ ስልኬ ላይ እንዳለው በፈረንጅ ሞላሁት፣ ስለዚህ ሰዓቱ ልክ ነበር፣ ቀኑ ነው የተሳሳተው።

ገደሉን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ በዚያ በሆዳሙ አሮጌ ቴሌቪዥን ስናየው ባርኔጣ የመሰለን ነገር በዚህ ጥርት ባለ ስክሪን ላይ አራት ቀይ ካሬ ነው፣ ሳር ያልነው አረንጓዴ ጥርስ ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል፣ ሥዕሉ ለአዲሱ ስክሪን አይበቃውማ። ሙዚቃው ግን ያው ነው። ጆይስቲኮቹ ባትሪ ይፈልጋሉ፣ ከቴሌቪዥኑ ሪሞት ሁለት ባትሪ አውጥቼ ለአንዱ አደረግኩለት፣ ሁለተኛው ከካርቶኑም አልወጣም። ይህን ሳላስብ ግን እጄ ለምዶ «ሁለት ተጫዋች» የሚለውን ነካ።

ጣቴ አርጅቷል፣ የመጀመሪያው ገደል ላይ ወደቅኩ። ሰማያዊው ሰውዬ መጣና ቆመ። ባትሪ የለውም፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሞትና ተራው ይመለስልኛል ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ ያ ቲፕ የሚል የዝላይ ድምፅ ተሰማኝ። ቀና ስል ሰማያዊው ጡብ ላይ ወጥቷል።

አልደነገጥኩም፣ እመኑኝ። ሥራዬ ነውና መጀመሪያ ያሰብኩት አሮጌ ጌሞች ሰው ካልነካቸው ለማሳያ ራሳቸውን እንደሚጫወቱ ነው። ግን ማሳያው የሚጫወተው በቢጫው ብቻ ነው። እሺ፣ የእኔ ጆይስቲክ ሁለቱንም እያዘዘ ይሆናል ብዬ ባትሪውን አወጣሁት። ሰማያዊው መሮጡን ቀጠለ። ካርቶኑን ከፍቼ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አየሁት፣ የባትሪው ቤት ባዶ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ቦክሷን ዳሰስኩ፣ ገመዱን ፈተሽኩ፣ ይህን ሁሉ እያደረግኩ ሰማያዊው ሰፊው ገደል ጋ ደረሰና ቆመ።

ቁጢጥ ብድግ አለ። እንደገና ቁጢጥ ብድግ አለ። ከዚያ ዘለለ።

ክው አልኩ። በእጄ የያዝኩት ባትሪ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ላነሳው እንኳ አልቻልኩም። «ወይኒ» ያልኩ መሰለኝ።

ያኔ እናቴ ከክፍሏ ተጣራች። «ሙሌ! ማነው በዚህ ዝናብ ቆሻሻ የሚያቃጥለው? ጭሱ ገባብኝ እኮ፣ መስኮቱን ዝጋው!»

እሷ ስትል ነው ያሸተትኩት። የደረቀ ቅጠል፣ የተቃጠለ ላስቲክ፣ የአሮጌ ጨርቅ ጭስ፣ ጉሮሮ የሚከረክር። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ውጭ ዝናቡ ሰማይ ተቀዶ ነው የሚወርደው፣ ደጃፉ ጎርፍ ነው፣ በዚያ ዝናብ ክብሪት እንኳ አይጫርም፣ የሚሸተውም እርጥብ አፈር ብቻ ነው። ተመልሼ ስገባ ሳሎኑ ጭስ ጭስ ይላል። ጭሱ አይታይም፣ ሽታው ብቻ ነው። እናቴን «ጎረቤት ነው፣ አሁን ይጠፋል» ብዬ ዋሸኋት።

የቦክሷን ሪሞት አንስቼ ከላይ ጥጉ ላይ ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን ነካሁ፣ ለምን እንደነካሁት አላውቅም። ኖቬምበር ሃያ አንድ ይላል። የሞላሁት ዓመትም የእኛው ስለሆነ በፈረንጅ ሲነበብ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስዳል። ሞኝነቴ ገብቶኝ ልስቅ ስል ጣቴ ስልኬ ላይ ቀኑን ወደ እኛ እየቀየረ ነበር። ኅዳር አሥራ ሁለት። ያው ዓመት፣ ያው ቀን። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ አምስት።

አሁን ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ያን ቀን እኔ በዓል አላከበርኩም፣ ቤቴል አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ዲሽ እያዞርኩ ነበር። ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወይኒ ደወለችልኝ።

«ሙሌ ስማኝማ፣ ያንተ ሰውዬ ብቻውን እየተጫወተ ነው» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ቢጫው ነዋ! ሁለት ተጫዋች የሚለውን ነክቼ፣ ያንተ ጆይስቲክ እኮ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሰውዬው ይሄዳል፣ ይዘላል። ፖዝ አድርጌው ነው የደወልኩልህ፣ ማርያምን ፈራሁ!»

ሳቅኩባት። ጣሪያ ላይ በአንድ እጄ መፍቻ፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ «ሾርት አድርጎ ነው፣ አጥፊውና ውጪ ባክሽ» አልኳት፣ «ብቻሽን ተቀምጠሽ ነው ጭንቅላትሽ የዞረው፣ ማዞሪያ ድረስ ወጣ በይና ከሰው ተቀላቀዪ።» እሺ አለችኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤት ደወለልኝ። እናቴ ምን አስነሳት ስትል ያስነሳኋት እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ።

እና በዚያች ሰዓት፣ ጭስ በሚሸት ሳሎን ውስጥ ቆሜ፣ ወይኒን ያስፈራት ቢጫ ሰውዬ ማን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ነኝ።

ሁሉም ሐሳብ በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ። እዚያ ምንጣፍ ላይ ናት ማለት ነው፣ በሕይወት አለች፣ አሥር ሰዓት ከሩብ እስኪያልፍ ካልወጣች ሚኒባሱ ያለ እሷ ይሄዳል። ነፍሷ ሳያልቅ አትነሳም፣ ሕጓ ነው። እንድትወጣ የሚያደርጋት የእኔ ስልክ ብቻ ነው፣ እንድትደውል የሚያደርጋት ደግሞ ፍርሃቷ፣ የሚያስፈራት የእኔ መንቀሳቀስ። እንግዲያው አልንቀሳቀስም አልኩ። ሰማያዊው ወደ ፊት ሄዶ ሁለተኛው ገደል ውስጥ ወደቀና ተራው ለእኔ መጣ፣ ባትሪውን መልሼ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ቢጫው ቆመ።

ከላይ ያለው የጨዋታው ሰዓት ከሦስት መቶ ወደ ታች ይቆጥራል። መቀመጥ ቀላል ይመስላችኋል፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ከመቶ በታች ሲደርስ ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ቲ ቲ ቲ ቲ እያለ፣ ጣቴ ዝለል ዝለል ይለኛል። ዜሮ ሲሆን ቢጫው ሞተ። አንድ ነፍስ ቀረኝ።

ሰማያዊው መጣ፣ አልሮጠም ግን። ቆሞ ፊቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወይኒ ግራ ሲገባት የምታደርገው ነው፣ «ምንድነው እሱ?» ስትል። ለካ ሰውዬው ዝም ብሎ ሲቆምባትም ፈርታለች። ከዚያ ሐሳቧ ተበትኖ ነው መሰለኝ ሕፃን የሚሻገረውን ትንሽ ገደል ስታ ወደቀች። የእሷም አንድ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ዝም ማለቱ ካላዋጣኝ እኔ መሆኔን ላስታውቃት አልኩ። እንዴት ብዬ? መጻፍ አይቻልም፣ መናገር አይቻልም፣ ያለኝ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዝላይና ቁጢጥ ነው። ሰፊው ገደል ጋ ወሰድኩትና ሁለቴ አሰገድኩት፣ ስንት ዓመት ስትለምነኝ አንድ ቀን እንኳ ያላደረግኩላትን። ተሻገርኩ። የብረቱ በር ጋ ደረስኩ፣ ሳልገባ ተመለስኩ። እንደገና በሩ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በሩ ጋ፣ ተመለስ፣ በሩ ጋ፣ ተመለስ፣ አትውጪ ማለቴ ነው፣ አይገባትም ይሆን፣ ከዚህ የበለጠ በምን ይነገራል? አፌ ግን ይጮኽ ነበር፣ «ወይኒ አትውጪ፣ እባክሽ አትውጪ» እያልኩ፣ ሙዚቃው ፈጠነ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ቢጫው በሩ አጠገብ ሞተ። የእኔ ነፍስ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማየት ብቻ ነው።

ሰማያዊው በመጨረሻ ነፍሱ መጣ። ቆመ። ገደል በሌለበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ እኔ ያደረገ እየመሰለኝ፣ ሁለቴ ቁጢጥ ብድግ አለ።

መለሰችልኝ! አለቀስኩ፣ አላፍርም፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አወቀችኝ አልኩ። ወደ ፊት ሄደች፣ በጥንቃቄ፣ አንድ ጡብ፣ ሌላ ጡብ፣ ሰፊውን ገደል ተሻገረች፣ በሩ ጋ ደረሰች። እኔ እንዳደረግኩት ከበሩ ተመለሰች። እሰይ አልኩ፣ ገባት። ከዚያ በመካከል እግሯን አንስታ እንዳለች ስክሪኑ ቀጥ አለ። መሐሉ ላይ «ፖዝ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሰዓቱን አየሁ። ለአሥር አሥር ጉዳይ።

ምን እያደረገች እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኳን አንስታለች፣ ቤቴል ጣሪያ ላይ ያለ አንድ ሞኝ ሊስቅባት ነው። ስልኬን አወጣሁ፣ ቁጥሯን አላጠፋሁትም፣ በየዓመቱ በሚካኤል እደውልበታለሁ፣ አገልግሎት ላይ አይደለም ይለኛል፣ ያቺን ሴትዮ ሰምቼ እዘጋለሁ። ያን ቀን ስደውል ያቺ ሴትዮ አልመጣችም። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ነው ያለኝ። ተይዟል። ቁጥር እኮ ለሌላ ሰው ይሰጣል ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ብያለሁ። ግን በማግስቱ ስደውል ያቺው ሴትዮ አገልግሎት ላይ አይደለም አለችኝ፣ ዛሬም እንደዚያው ነው። ያኔ ግን ተይዞ ነበር፣ ሰባት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሰባቱንም ተይዟል። ከእኔ ጋር እያወራች ነበራ።

ስክሪኑ ላይ ጮህኩ፣ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ «አትስሚው! አትስሚው ወይኒ፣ አትነሺ!» እያልኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ ስክሪኑ አንዴ ጥቁር አለና የጌሞቹ ዝርዝር ተመልሶ መጣ፣ ልክ ሰው ከወዲያ በኩል እንዳጠፋው። ጭሱ ጠፋ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። «በስመ አብ! ከማን ጋር ነው የምትጮኸው?»

«ከማንም፣ እማዬ።»

«ወይኒን ስትጠራ ሰምቼሃለሁ።»

«ሕልም ነው፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

ቴሌቪዥኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መሬት ላይ ያለውን ካርቶን አየች። «ቁጭ ብለህ ነው እንዴ የምትተኛው» ብላ ተመለሰች። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ያን ጊዜ ሁሉን ልነግራት ይገባ ነበር፣ ምን እንዳስነሳት ስምንት ዓመት ስትጠይቅ የኖረች እናት ናት፣ ግን ፈራሁ፣ ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ቦክሷን ፈትቼ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ አየኋት፣ ባለሙያ ነኝ አይደል። ምንም የላትም። ሽቦ ሆኖ እንዲገኝ የለመንኩበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ካልተጫወትኩ ቢጫው አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ አትደውልም፣ ካልደወለች አልስቅባትም፣ አትወጣም። ላድናት ብዬ የተፍጨረጨርኩት ነው ያስደወላት። ይህን ለቄስ ብነግረው ምን ይለኛል? ለሐኪም ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ።

ይሄም ይሁን እሺ፣ አንድ ሰው ከዚህ ጋር መኖር ይችል ይሆናል። እጄን በአፌ ያስጫነኝ ሦስተኛው ቀን ላይ የመጣው ነው። አንድ ደንበኛ ቤት መሰላል ላይ ሆኜ ገመድ እየሳብኩ ነበር፣ የወይኒ ስልክ የቀረው ክፍል እንዲሁ ትዝ አለኝ፣ ያን ቀን ጣሪያ ላይ በግማሽ ጆሮ ሰምቼ የተውኩት። «አጥፊውና ውጪ» ካልኳት በኋላ ወዲያው እሺ አላለችም። እንዲህ ነው ያለችው፦

«ዛሬ ብቻ እንዳይመስልህ ሙሌ፣ ሳምንት ሆነው እኮ። በየቀኑ ይመጣል፣ በሩ ጋ ይደርስና ሳይገባ ይመለሳል።»

ሳምንት። እኔ የተጫወትኩት አንድ ቀን ነው፣ እመኑኝ፣ አንድ ከሰዓት ብቻ። ያለፉትን ስድስት ቀናት ገና አልተጫወትኳቸውም። ወይ እኔ ያልሆነ ነገር ነው ሳምንት ሙሉ እሷ ጋ ሲመላለስ የነበረው፣ ወይ ደግሞ ያቺን ቦክስ እንደገና አብርቼ ቀኗን አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ልወስዳት ነው፣ በየቀኑ ተቀምጬ በሩ ጋ እየሄድኩ ልመለስ ነው። ደግሞ አውቃለሁ፣ እንደማይገባትም አውቃለሁ፣ ሳምንት ሙሉ አይታው ነው የወጣችው። ግን ሳምንት ብዙ ነው፣ በሳምንት ሰው ስንት ነገር ይማራል፣ ምናልባት ሌላ ምልክት ብፈልግላት...

እንዲህ ማሰብ ስጀምር ራሴን ፈራሁና ቦክሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለእናቴ ሰጠኋት። ምንም ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ ብዬ በሚካኤል አስምያታለሁ። ትላንት ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ለመንኳት።

«ለምንህ ነው?» አለችኝ።

«ቀኑን ላስተካክል» አልኳት።

ወይኒ ትቀመጥበት ወደነበረው ምንጣፍ ዞራ አየች። ከዚያ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችኝ።